በረንዳውን የሚይዘው ከግድግዳው ወዲህ ያለው ነው

ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይንና ንፋስ መውጫን አቋርጦ በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን ጎዳና የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በዚህ ጎዳና ዳርና ዳር የሚሠራው ቤት መልኩን እየለወጠ ነው። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን በነበረበት ቦታ ባለ አንድና ባለ ሁለት፣ አልፎ አልፎም ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ይቆማል፤ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ አልጋ ቤት ወይም ቢሮ። ከዋናው መንገድ ራቅ ያሉት አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስም ይህን ከማየት አልቀሩም። በትንንሽ ከተሞቻችን የሚሠራ ፎቅ አንድ የጋራ ጠባይ አለው። ምድር ቤቱ በቦታው ልክ ይቆማል፤ ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ ግን ወለሉ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ሜትር ተኩል ወደ ጎዳናው ይገፋል። ቦታው ጠባብ ነው፣ መሬቱ ውድ ነው፣ አየሩ ግን ነጻ ነው።

ይህ አንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ ሌላው አየር ላይ የሚቀረው ወለል ካንቲሊቨር ይባላል። ወለሉ ድፍን ሶሌታ በነበረበት ዘመን ነገሩ ብዙም አያስጨንቅም ነበር፤ ግንበኛውም ብረት አሳሪው ፌራዮም በልምድ ያውቁታል። ወለሉ ባለ ብሎኬት ሪብ ስላብ ሲሆን ግን ልምዱ ብቻውን አያዋጣም፤ እንዲያውም ወደ ስሕተት ይመራል።

ሪብ ስላብ በኢትዮጵያ በሰፊው የታወቀው በኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ዝቅተኛ ዋጋ ላለው ቤት ብሎ ያዳበረው ዘዴ፣ አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ በቦሌ ገርጂ በ700 ያህል ቤቶች ተሞከረ። ከዚያም የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ወስዶ በመዲናዋና በክልል ከተሞች አሠራጨው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀድመው የተሠሩ ቀጫጭን የአርማታ ቢሞች ተራርቀው ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ክፍት ብሎኬት ይቀመጣል፣ ከላይ ብረት ተዘርግቶ ስስ አርማታ ይፈስበታል። ዛሬ ቢሙን ቀድሞ ከመሥራት ይልቅ ሪቡን እዚያው ፎርም ላይ መሙላትም የተለመደ ነው። ለነዚያ ቤቶች የሠለጠኑት አናጢዎች፣ ፌራዮዎችና ጥቃቅን ማኅበራት ሙያውን ይዘው ተበተኑ፤ የግል ባለ ሕንፃውም ወደደው።

ቢወደው አይፈረድበትም። 20 ሴንቲ ቁመት ያለው ብሎኬት፣ ከላዩ 6 ሴንቲ አርማታ፣ በየ60 ሴንቲው 10 ሴንቲ ስፋት ያለው ሪብ ያለበትን ወለል እናስላ። በአንድ ካሬ ሜትር የሚፈሰው አርማታ 0.093 ሜትር ኩብ ነው። ለተመሳሳይ ስፋት 17 ሴንቲ ድፍን ሶሌታ 0.17 ይበላል። 200 ካሬ በሆነ አንድ ወለል ላይ ልዩነቱ ከ15 ሜትር ኩብ ያልፋል፤ በአንድ ሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲታሰብ፣ ለብሎኬቱ የሚገባው ሳይቀነስ 55 ኩንታል ያህል ስሚንቶ ማለት ነው። ስሚንቶ ከሙገር ወይም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የለሚ ፋብሪካ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ የጉናን ተራራ ዞሮ ንፋስ መውጫ እስኪደርስ የትራንስፖርቱ ዋጋ ይታወቃልና፣ ቁጠባው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ሪብ ስላብ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም። የምከራከረው የካንቲሊቨሩ ነገር ከቀሪው ወለል ተነጥሎ ይታሰብ ብዬ ነው።

ምክንያቱ ወዲህ ነው። ሁለት ቢም ላይ የተጋደመ ወለል ሲጫነው መሐሉ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ታቹ ይለጠጣል፣ ላዩ ይጨመቃል። አርማታ መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን አይችልም፤ ስለዚህ ብረቱ ከታች ይቀመጣል። ሪብ ስላብ የተፈለሰፈው ለዚህ ሁኔታ ነው። የሚጨመቀው የላይኛው ክፍል ሰፊ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሪብ 60 ሴንቲ ስፋት ያለው አርማታ ይደርሰዋል። ታቹ ጠባብ ቢሆን ግድ የለም፣ ብረቱን ይሸፍን እንጂ።

ካንቲሊቨር ላይ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የሚለጠጠው ላዩ፣ የሚጨመቀው ታቹ ይሆናል። ታች ያለው ደግሞ 10 ሴንቲ ስፋት ያለው ሪብ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ያለው ብሎኬት ክፍት ስለሆነ በስሌት አይቆጠርም። መሐሉን በ60 ሴንቲ ስፋት የተሸከመው ወለል፣ ጉልበቱ ከሁሉ በሚበረታበት ቦታ በስድስተኛ እጁ እንዲሸከም ይጠየቃል። ስሕተቱን የሚያባብሰው ከላይ ሲታይ ምንም ልዩነት አለመኖሩ ነው፤ አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ወለል ይመስላል።

በቁጥር እንየው። ወለሉ ከነንጣፉ በካሬ ሜትር 5.5 ኪሎኒውተን ይመዝን። መጀመሪያ የታሰበው 1.2 ሜትር የወጣ ክፍት በረንዳ ነው፤ ጫፉ ላይ በአንድ ሜትር ርዝመት 3 ኪሎኒውተን የሚመዝን መከታ አለ፣ የሰውና የዕቃው ጭነት የአገራችን ኮድ ለበረንዳ በሚያዝዘው 4 ይወሰዳል። የደኅንነት ማባዣዎቹ ገብተው መሐንዲሶች ሞመንት የሚሉት የማጠፍ ጉልበት በአንድ ሜትር ስፋት 14.5 ኪሎኒውተን ሜትር ይመጣል። አሁን ባለቤቱ ሐሳቡን ይለውጥ፤ «ሠላሳ ሴንቲ ጨምርልኝ፣ ክፍል አድርገን እንዝጋው» ይበል። በረንዳው መኝታ ክፍል ስለሆነ የሰው ጭነቱ ወደ 2 ይወርዳል፤ ነገር ግን ጫፉ ላይ እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ 8 ኪሎኒውተን የሚመዝን የብሎኬት ግድግዳ ይቆማል። ሞመንቱ 28 ይሆናል። ሠላሳ ሴንቲና አንድ ግድግዳ ጉልበቱን እጥፍ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም።

28ቱን ለየሪቡ ስናካፍለው 16.8 ይደርሰዋል። ከላይ ያልኩት ሪብ ሲ-25 በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ ከታች በኩል መጨመቅ የሚችለው ወደ 17 ገደማ ነው። ወረቀት ላይ አለፈ ማለት ነው፣ በጥፍሩ ቆሞ። አርማታው ውኃ በዝቶበት ወደ ሲ-20 ከወረደ አቅሙ 13.5 ይሆናል፤ አላለፈም ማለት ነው። በመቁረጥ ጉልበት (ሺር) በኩልም ቢሰላ ያው ዳር ላይ ነው። ሳይት ላይ ሲ-25 ታዝዞ ሲ-20 መገኘቱ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ የሙያው ሰው ያውቀዋል። እዚህ ላይ ብረት መጨመር ብቻውን አያድንም፤ ያነሰው አርማታ እንጂ ብረት አይደለምና። ብዙ ጊዜ ግን የሚሰጠው መልስ «አንድ የአሥራ አራት ብረት ጨምርበት» ነው።

መድኃኒቱ የታወቀና ርካሽ ነው። ከውጪው ቢም ግራና ቀኝ ብሎኬቱ እንዲቀር ይደረግና ያ ቦታ በድፍን አርማታ ይሞላል። ድፍኑ ወደ ውስጥ ምን ያህል ይግባ የሚለውን ሞመንቱ ሪቡ ብቻውን ወደሚችለው መጠን የሚወርድበት ነጥብ ይወስነዋል። ወደ ውጭ ያለውን ካንቲሊቨር በሙሉ ድፍን ማድረግ ከሁሉ ይሻላል፤ 18 ሴንቲ ድፍን ሶሌታ ከባለ ብሎኬቱ እምብዛም አይከብድም፣ የሚያስወጣውም ተጨማሪ አርማታ የበረንዳውን ስፋት ያህል ብቻ ነው። በሕንፃው ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ የላይኛው ብረት ወደ ውስጥ የሚገባበት ርዝመት። ወደ ውጭ የወጣው ወለል በቢሙ አይያዝም። ቢሙ መደገፊያው ብቻ ነው፤ የሚይዘው ከቢሙ ወዲህ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ወለል ነው። ታች ጋይንት ያለችው፣ በድጓ ማስመስከሪያነቷ ሊቃውንት ሁሉ የሚያውቋት ቤተልሔም፣ በክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ በአክሱም ዘይቤ ከድንጋይና ከእንጨት የታነጸ ጥንታዊ ሕንፃ አላት። በዚያ ዘይቤ ከግድግዳ ውጭ ብቅ ብሎ የሚታየው «የጦጣ ራስ» ጌጥ ይመስላል እንጂ ግድግዳውን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ማሰሪያ እንጨት ጫፍ ነው። ያ አናጢ የውጪው ጫፍ የሚጸናው በውስጠኛው ርዝመት መሆኑን ያውቅ ነበር።

ዛሬ ሳይት ላይ የሚሰማው ልኬት «ስልሳ ሴንቲ አስገባው» የሚል ነው። የተሻሉ መሐንዲሶች የካንቲሊቨሩን አንድ ተኩል እጥፍ ያዛሉ፤ ለ1.5 ሜትር በረንዳ 2.25 ሜትር ማለት ነው። ይህም ሁልጊዜ አይበቃም። ከላይ ባለው ምሳሌ በረንዳው ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ ክፍሉ ባዶ ቢሆን፣ ክፍሉ 4.5 ሜትር ከሆነ የላዩ መለጠጥ ወደ ውስጥ 2.25 ሜትር ይዘልቃል፤ አንድ ተኩል እጥፍ የሚለው ልማድ ልክ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ለማስያዣ ግን ትርፍ የለውም። ክፍሉ 3.5 ሜትር ከሆነ ግን መለጠጡ 2.9 ሜትር ይገባል፤ የክፍሉን ርዝመት ሊጨርሰው ትንሽ ቀረው። ክፍሉ ካጠረ ብረቱ መርዘም አለበት ማለት ነው፤ ይህ ብዙ ሰው በግምት ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። በጠባብ ቦታ ላይ በሚሠራ ሕንፃ ደግሞ ክፍሎቹ አጭር ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ብረቱ ከቢም እስከ ቢም ሳይቆረጥ ቢሄድ ነው የሚበጀው። ስልሳ ሴንቲ የምትለዋ ልኬት ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ከ60 ሴንቲ ክፈፍ መጥታ ከሆነ ግን የሜትር ተኩል ክፍል አይሰቀልባትም።

የሪቡ አቅጣጫም ሌላ ጣጣ ነው። ሪቦች ብዙ ጊዜ በአጭሩ በኩል ይዘረጋሉ። አጭሩ ጎን ከጎዳናው ጋር ትይዩ ከሆነ ሪቦቹም ከጎዳናው ጋር ትይዩ ይሆናሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው በረንዳ ከኋላው የሚከተለው ሪብ የለውም። ከቢሙ በስተጀርባ ያለው የመጀመሪያው ነገር ክፍት ብሎኬት፣ ከላዩ ደግሞ 6 ሴንቲ ስስ አርማታ ነው። እንዲህ ሲሆን በረንዳው የውጪውን ቢም ሊጠመዝዘው ይሞክራል፤ ለጥምዘዛ ያልታሰበ ቢም ከኮለኑ አጠገብ ዙሪያውን በሰያፍ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ከበረንዳው ጀርባ ያለው የክፍሉ ክፍል ድፍን ሆኖ ብረቱ በበረንዳው አቅጣጫ ይዘረጋበታል፤ ወይ ደግሞ ከየኮለኑ ወደ ውጭ የሚወጣ ቢም ተሠርቶ ሶሌታው በነዚያ ቢሞች መካከል ይጋደማል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የቢሙ የላይ ብረት በውስጠኛው ቢም ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ የሚይዘው ምን እንደሆነ በዓይን ይታያል፣ ለተቆጣጣሪም ይቀላል። ጣሪያው ላይ ቢም ብቅ ይላል ብሎ የሚያጉረመርም ባለቤት ይኖራል። ያጉረምርም።

ንድፍ ላይ የማይታይ፣ ሳይት ላይ ግን የሚጎዳ ዝርዝርም አለ። የበረንዳ ወለል የዝናብ ውኃ ወደ ክፍል እንዳይመለስ 5 ሴንቲ ያህል ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። የክፍሉ ስስ አርማታ 6 ሴንቲ ነው። ከበረንዳው ላይ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚገባ ብረት፣ ክፍሉ ጋ ሲደርስ ከስሱ አርማታ በታች ይሆንና ከብሎኬቱ ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ ፌራዮው ብረቱን ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ የሚለጠጥ ብረት ደግሞ ሲጎተት ለመቃናት ይሞክራልና በታጠፈበት ላይ ያለውን አርማታ ይፈነቅላል። እዚህም መልሱ ድፍን ቦታ ነው፤ ከቢሙ ጀርባ ብሎኬቱ ከቀረ ብረቱ ሳይታጠፍ ዝቅ ብሎ መግባት ይችላል።

ሂድን ቢም ስለሚባለው፣ በወለሉ ውፍረት ውስጥ ስለሚደበቀው ቢም አጭር ነገር ልበል። የቢም ጥንካሬ ከመጉበጥ አንጻር በቁመቱ ኩብ ይሄዳል። 25 ሴንቲ ስፋትና 50 ሴንቲ ቁመት ያለውን ቢም 26 ሴንቲ ቁመት ባለው ድብቅ ቢም ልተካ ያለ ሰው ያንኑ ጥንካሬ ለማግኘት ስፋቱን ሰባት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 1.8 ሜትር ማድረስ አለበት። ማንም እንደዚያ አይሠራም። በረንዳ የሚሸከመውን የውጪ ቢም መደበቅ ቢቀር ይሻላል፤ መደበቅ ከተፈለገ የውስጦቹ ይደበቁ።

የአካባቢው አየርም በስሌቱ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ንፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በጋው ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ነፋሱም ስሙን የሰጠው ነው። አርማታ በ28 ቀን ይደርሳል የሚባለው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ስሚንቶው ሥራውን ሊያቆም ጥቂት ይቀረዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከጉና ግርጌ የተሞላ ሶሌታ በቆላ ካለው ጋር እኩል ቀን ተቆጥሮ ድጋፉ ሊነሣ አይገባም፤ ካንቲሊቨር ሲሆን በተለይ። ደረቁ ነፋስ ደግሞ ስሱን አርማታ ገና ሳይጠነክር ያደርቀውና ላዩን ይሰነጥቀዋል። መሐል ወለል ላይ ያ ስንጥቅ የጌጥ ጉዳት ነው። በረንዳ ላይ ግን ላዩ የሚለጠጠው ስለሆነ ስንጥቁ ይከፈታል፣ የክረምቱ ዝናብ እስከ ብረቱ ይወርዳል። ብረቱ ከዛገ ካንቲሊቨር ሌላ የሚደገፍበት የለውም፤ የመሐል ወለል ሲደክም ጎብጦ ያስጠነቅቃል፣ በረንዳ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው።

የባሕር ዛፍ ድጋፉም ሥርዓት አለው። የመሐል ወለል ድጋፍ ሲነሣ ከመሐል ይጀመራል፤ የካንቲሊቨር ግን ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ቢሙ ይኬዳል፣ ከሁሉም በኋላ። ሁለተኛው ፎቅ ሲሞላ የላይኛው በረንዳ ድጋፍ የሚቆመው በታችኛው በረንዳ ላይ ነው። የታችኛው ድጋፍ አስቀድሞ ከተነሣ ገና ያልደረሰው በረንዳ የራሱንም የላይኛውንም እርጥብ አርማታ ይሸከማል። በሕይወቱ ከሚገጥመው ሁሉ የከበደው ጭነት ያ ሊሆን ይችላል፤ በንድፍ ስሌት ውስጥ ግን የለም።

ስለ ርዕደ መሬት ደግሞ፣ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ ብዙዎችን አስደንግጧል። ከላይ የጠቀስኳቸው የጋይንትና የእስቴ ከተሞች ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ያሉ ቢሆኑም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ከአውሮፓ የተወሰደው አዲሱ የኢትዮጵያ ኮድ፣ ወለል ኮለኖችን በአግድም አስተሳስሮ የመንቀጥቀጥ ጉልበትን ያስተላልፋል ተብሎ እንዲታሰብ ቢያንስ 7 ሴንቲ ውፍረትና በሁለት አቅጣጫ ብረት ይጠይቃል። እኛ የለመድነው 6 ሴንቲ ነው። አንድ ሴንቲ መጨመር ከባድ አይደለም።

የኮዱን ነገር ካነሣሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የቀድሞው ኢቢሲኤስ-2ም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሪቡ ከ7 ሴንቲ እንዳያንስ፣ ሪብ ከሪብ ከ1 ሜትር እንዳይርቅ፣ ከላይ የሚፈሰው ቢያንስ 4 ሴንቲ እንዲሆን ይደነግጋል፤ የካንቲሊቨርን ውፍረትም ከርዝመቱ ጋር ያስራል። ደንቡ ስለጠፋ አይደለም የምንሳሳተው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ ያለውን ሕንፃ «ሐ» ምድብ ውስጥ አስገብቶ ጥብቅ ክትትል እንዲደረግበት አዝዞ ነበር። የወረዳ ከተማው ባለ ሁለት ፎቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ንድፉ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ተሠርቶ፣ ማዘጋጃ ቤት ማኅተም ተመትቶበት፣ መሐንዲሱ ሳይት ሳይረግጥ ፎቁ ያልቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የጸጥታ ችግር ደግሞ ባለሙያ ተጉዞ እንዲያይ መጠየቅ ራሱ ከባድ ሆኗል። በዚህ መሐል የሚወስነው ፎርማኑ ነው፤ ባለቤቱ «ሠላሳ ሴንቲ ጨምር» ሲለው እምቢ የሚልበት ሥልጣንም ስሌትም የለውም። ጥፋቱን ፎርማኑ ላይ መደፍደፍ ፍትሕ አይደለም። ንድፍ የሠራው መሐንዲስ ድፍኑን ቦታ በሴንቲ ለክቶ፣ የላይ ብረቱን ርዝመት ጽፎ፣ «ይህ በረንዳ በግድግዳ አይዘጋም» ብሎ ወረቀቱ ላይ ቢያሰፍር ግማሹ ችግር ይቀል ነበር።

የማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ባለሙያዎች ይህን ሦስት መስመር ያልያዘ የሪብ ስላብ ንድፍ ማኅተም አይምቱበት። አንተ ባለ ሕንፃ ደግሞ፣ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ባለው ቀን ሜትር ይዘህ ውጣ። ከውጪው ቢም ጀርባ ብሎኬት መቅረቱን ተመልከት፣ የላይኛው ብረት ክፍሉ ውስጥ የት ላይ እንደሚያልቅ ለካ፣ ሰው ሲረግጠው እንዳይወርድ ከሥሩ የብረት ወንበር እንዳለው በእግርህ ተጭነህ ፈትን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሚክሰሩ ተከራይቷል፣ ሠራተኛው ተጠርቷል አትበል፤ ሙሌቱን አራዝምና መሐንዲሱን በስልክም ቢሆን ጥራው።